ሙዚቃችንን የገደለው ኪቦርድ ነውን?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም የዛሬውን ክርክሬን ከሥሩ ልጀምርና ፍርዱን ለአንባቢ ልተው። ነገሩ የተጫረው ደባርቅ ውስጥ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ባለች አንዲት ቡና ቤት ነው። ከአንድ አዛውንት ጋር ተነታረክን። የተነታረክነው በመሬት ወይም በፖለቲካ እንዳይመስላችሁ። በኪቦርድ ነው።

የአዛውንቱን ስም አልጠቅስም፤ እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው በሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ነፍተዋል። ኋላም በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ተጫውተዋል። ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቶ እኔ በተወለድኩባት በዳባት ይኖራሉ። የዚያን ዕለት ወደ ደባርቅ የመጡት ለገበያ ነበር። ቡናችን እስኪቀርብ ድረስ ከቡና ቤቱ ድምፅ ማጉያ አንድ አዲስ ዘፈን ይለቀቃል። ከበሮውም፣ ክራሩም፣ ትራምፔቱም፣ ሁሉም ከአንድ ኪቦርድ የሚወጣ።

«ልጄ፣ እስቲ ያንን ሳጥን ዝቅ አድርጊልን» አሏት አስተናጋጇን።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ምን በደለዎት?» አልኩ።

«ምን በደለኝ? ሙዚቃችንን ገደለው እንጂ! ድሮ አንድ ዘፋኝ መድረክ ሲወጣ ከኋላው ሦስት አራት ትንፋሽ ይሰለፍለት ነበር። ሳጥኑ መጣና አንድ ልጅ በሁለት ጣቱ ሁላችንንም ተካን። እኔ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን ትራምፔት የሸጥኩት በማን ምክንያት ይመስልሃል?»

ይህ የጋሼ ብቻ አቤቱታ አይደለም። በየጋዜጣው፣ በየሬዲዮኑ ስንሰማው የኖርነው ነው። ከዚህኛው ወገን ፊት ለፊት ደግሞ ሌላ ወገን ቆሟል። እሱ የኪቦርድ ስም ሲነሳ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ «ከሙላቱ ወዲያ ላሳር!» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋል። የመጀመሪያው ወገን ኪቦርዱን በጅምላ ይኮንናል፤ ሁለተኛው አንድ ሰው አንግሦ ሌሎቹን አጃቢ ያደርጋል። እኔ የምለው፣ ሁለቱም ወገኖች የተቀረፀውን ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጠው አላዳመጡም። ቢያዳምጡ ኖሮ ገዳዩ ሳጥኑ እንዳልሆነ፣ ንጉሡም አንድ ብቻ እንዳልሆነ ጆሯቸው ይነግራቸው ነበር።

ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሸክላዎቹና ካሴቶቹ እንደተመዘገቡበት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ግን እኔ ለምን እንደሚቆጨኝ ልንገራችሁ። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነኝ። ዳባትን አልፈን ወደ ደባርቅ ስንቃረብ ረዳቱ ልጣጩ የተላጠ፣ ጽሑፉ የጠፋ ካሴት ከተተ። ዘፋኝ የለውም። የቆየ ያገር ቤት ዜማ ነው፤ የሚጫወተው ግን ኪቦርድ። እናቴ እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉረውን የሚመስል ነገር ከባዕድ መሣሪያ ውስጥ ሲወጣ ሰማሁና ደነገጥኩ። ጠጋ ብዬ ረዳቱን «ማን ነው?» ስል ጠየቅሁት።

«ኪቦርድ ነዋ!» አለኝ።

ሰውየውን ነበር የጠየቅሁት፤ የመለሰልኝ መሣሪያውን ነው። ደባርቅን አልፈን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሲጀምር ሾፌሩ «ዝጋው!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ኮረኮንች ላይ የሞተሩን ድምፅና ከታች የሚመጣውን የጭነት መኪና ጥሩምባ መስማት ነበረበት። ጣልያን በ1930ዎቹ ከገደሉ ላይ የፈለፈለው መንገድ ቀልድ አያውቅም። ካሴቱ ተዘጋ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ አዝማሪ ግን ማሲንቆውን ከከረጢቱ አወጣና ያንኑ ዜማ ካቆመበት ቀጠለው። ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ አለ። ዛሪማ እስክንደርስ ድረስ ኪቦርዱ የተወውን ማሲንቆው ሲጨርሰው ሰማሁ። ሁለቱ የሚግባቡ ነገሮች መሆናቸውን ያን ዕለት አወቅሁ። የተጫዋቹን ስም ለማወቅ ግን ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ክስ ልመለስ። ክሳቸው ባዶ አይደለም፤ ይህንን ሳልቀበል ብቀጥል ሐሰተኛ እሆናለሁ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ባንዶች በትንፋሽ መሣሪያ የቆሙ ነበሩ። ኋላ ላይ ትንፋሹ እየሳሳ፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ መድረኩን ሲሞሉት አይተናል። የስንቱ ሳክስፎን ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ! ነገር ግን በሩን የሰበረው ማን ነበር? ከ1974 በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ ገደብ የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው። ከ1969 ጀምሮ ስንቱን ዘመናዊ ሸክላ ያሳተመው አምሃ እሸቴ በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ስንቱ ሙዚቀኛ ተሰደደ። ቤቱ ከተፈታ በኋላ ነው ኪቦርዱ ርካሽ ሆኖ የገባው። በተከፈተ በር የገባን እንግዳ በር ሰባሪ ማለት ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህንን ለጋሼ ብነግራቸው «ወሬ አታብዛ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሙዚቃ በወሬ አይረታም። ስለዚህ በማግሥቱ ዳባት ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በስልኬ ላይ የጫንኳቸውን ቅጂዎች የተጫዋቾቹን ስም ሳልናገር አንድ በአንድ አሰማኋቸው።

መጀመሪያ የከፈትኩት «ቼ በለው»ን ነው፤ በ1977 የወጣውን የዋልያስ ባንድ ሸክላ። ከዳባት ሆኖ ስለ ዋልያስ ማውራት ደስ ይላል፤ ባንዱ ስሙን የወሰደው ከእኛው ተራራ ከሰሜን በቀር በዓለም ላይ ከማይገኘው ዋልያ ነውና። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ትንፋሾቹ ሲገቡ ፈገግ አሉ። ኦርጋኑ ዜማውን ሲረከብ ግን ጣታቸውን አነሱ።

«ይህ ኦርጋን የያዘው ልጅ ሳንባ አለው» አሉ። «የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። አኮርዲዮን ሳይነካ አልቀረም።»

ጆሮ ማለት ይህ ነው! ኦርጋኑን የያዘው ኃይሉ መርጊያ ነበር። በ1946 ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ በ14 ዓመቱ ራሱን በራሱ ያስተማረው አኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮን ከፒያኖና ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ የሚለየው ወናፍ ስላለው ነው። ወናፉ ሲከፈት ይተነፍሳል፣ ሲዘጋ ይተነፍሳል፤ ተጫዋቹ ሐረጉን ከትንፋሹ ጋር ማስማማት ግድ ይሆንበታል። ያንን የለመደ እጅ ኤሌክትሪክ ላይ ሲቀመጥም ያርፋል። ጋሼ ሳያስቡት መለኪያውን ሰጡኝ። የኪቦርድ ተጫዋች የሚለካው በጣቶቹ ፍጥነት አይደለም። ይተነፍሳል ወይስ አይተነፍስም? ይህ ነው ጥያቄው።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምስክር ከውጭ ልጥራ። በዓለም የቅይጥ ጃዝ ኪቦርድ ተጫዋቾች መካከል ስሙ ከፊት የሚጠራው ጆ ዛቪኑል ነው። ቪየና የተወለደው ዛቪኑል በልጅነቱ የጀመረው በአኮርዲዮን ነበር። የሱ ባንድ ዌዘር ሪፖርት «ሄቪ ዌዘር» የተሰኘውን ታላቅ ሥራውን ያወጣው በ1977፣ ማለትም «ቼ በለው» በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። አንዱ ቪየና፣ ሌላው ደብረ ብርሃን የተወለዱ ሁለት የአኮርዲዮን ልጆች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ትንፋሽ ሲያወጡ ነበር። ዛቪኑልን ዓለም ሁሉ ሲያውቀው ኃይሉን እኛ እንኳ «ኪቦርድ ነዋ!» ብለን አለፍነው።

አሁን መለኪያውን ይዘን ሌሎቹን እንይ።

ሙላቱ አስታጥቄ። በቅድሚያ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ጅማ ተወልዶ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ፣ ለኢትዮ ጃዝ ስምም መልክም የሰጠ ሰው ነው። የ1972ቱን የኒው ዮርክ ሥራውንና በ1974 በአምሃ ሪከርድስ የወጣውን «ኢትዮ ጃዝ»ን ያዳመጠ ሁሉ የቅንብሩን ጥበብ ያውቃል። ሙላቱ ቫይብራፎኑንም ሆነ ኪቦርዱን አንድ ጊዜ መታ አድርጎ ይተወዋል፤ ድምፁ እየተንሳፈፈ ሳለ ትንፋሾቹ ይረከቡታል። የሙላቱ ሳንባ በሳክስፎን ነፊዎቹ ደረት ውስጥ ነው። ይህ የአቀናባሪ ታላቅነት ነው። እንግዲህ «ማን አቀናበረ?» ብትሉኝ ሙላቱን አስቀድማለሁ። «ኪቦርዱን ማን አናገረው?» ብትሉኝ ግን አላስቀድመውም። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ «ከሙላቱ ወዲያ ላሳር» ባዩ ወገን አንድ አድርጎ ያምታታቸዋል።

ግርማ በየነ። ፒያኖ ተጫዋች፣ አቀናባሪ፣ ደግሞም ዘፋኝ። «ቼ በለው» ላይ ያለውንና ዛሬ በውጭ አገር ባንዶች ሁሉ የሚጫወቱትን «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው እሱ ነው። የግርማ ትንፋሽ የመጣው ከጉሮሮው ነው። ፒያኖው ላይ ጥቂት ይላል፤ ያ ጥቂቱ ግን ልክ ዘፋኙ አየር በሚስብበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ለዓመታት ከመድረክ ርቆ ቆይቶ በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ያወጣውን ሥራ «ሆን ተብለው የተሠሩ ስህተቶች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ስሙን የሰማ ቀልድ ይመስለዋል። ያዳመጠ ግን ከምቱ ትንሽ ዘግየት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጃዝ ተጫዋች አልነበሩም፤ እኔም ጃዝ ላልብሳቸው አልፈልግም። በምስክርነት ግን እጠራቸዋለሁ። ፒያኖ ድምፁን ማጠፍ አይችልም፤ ማሲንቆ በጣት ተንሸራትቶ የሚደርስበት ቦታ ፒያኖ ላይ ቁልፍ የለውም። እማሆይ ይህንን የፈቱት በዋናው ድምፅ ዙሪያ ትንንሽ ድምፆችን በማርከፍከፍ ነው። ጋሼ የእማሆይን ቅጂ ሲሰሙ «ይህችስ ቤተ ክርስቲያን አድጋለች» አሉ። አልተሳሳቱም፤ ትንፋሹ የመጣው ከዜማ ነው።

በ1984 በዋሽንግተን የተቀረፀው የአድማስ ባንድ ሥራ ደግሞ አለ፤ ቴዎድሮስ አክሊሉና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ የነበሩበት። በ2020 እንደገና ታትሟል። በጣት ችሎታና በመሣሪያ ዕውቀት ከሄድን ያን ዘመን የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚተነፍሰው በአሜሪካ ፈንክ ከበሮ ነው። ስደተኛ ወጣቶች ከነበሩበት ከተማ አየር ሳቡ፤ ይህ ነውር የለበትም። ሳሙኤል ይርጋም በ2012 ባወጣው «ጉዞ» ላይ ሰፊ እጅ አሳይቶናል። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ፒያኖ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ ነው። እኔን ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ አልበም ብዙ ቤት ያንኳኳል። ብቻውን ከፒያኖው ጋር ሲቀር ግን እውነተኛ ሳንባውን እንሰማለን።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልምጣ። በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉ ከማይመለሱት መካከል ሆነ። በ1985 በዋሽንግተን አንድ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ባንድ ሳይኖረው፣ ብቻውን አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና ያማሃ ዲኤክስ 7ቱን በምት ማሽን ላይ እየደራረበ «ሸሞንሟናዬ»ን፣ «አምባሰል»ን፣ «ሽለላ»ን የያዘ ካሴት ቀረፀ። አንባቢ ልብ በልልኝ፤ ይህ ጋሼ የሚከሱት አሠራር ራሱ ነው! አንድ ሰው፣ ብዙ ሳጥን፣ ከበሮ መቺ የሌለበት ከበሮ። ሳጥኑ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ይህ ካሴት ሬሳ በሆነ ነበር። ግን ይተነፍሳል! ማሽኑ አላርፍ ቢልም እጁ ያርፋል፤ ሐረጉን ጨርሶ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደ አዝማሪ መልሶ ያነሳዋል። በዚያ አውቶቡስ ላይ የሰማሁት ይህንን ነበር።

ታዲያ የሞተው ነገር ምንድን ነው? እውነተኛው ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። አራቱን ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን እናስብ። አንቺሆዬን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞልና ላ ነው። አሁን አንድ ቸኩሎ አደር ኪቦርዲስት የግራ እጁን አንድ ጣት ዶ ላይ ያሳርፋል። መሣሪያው በፋብሪካ እንደተሞላው ዶ፣ ሚ፣ ሶልን በአንድነት ይመታለታል። ሚ ከቅኝቱ ውጭ ነው፤ ሶልም ከቅኝቱ ውጭ ነው። ከሦስቱ ድምፅ ሁለቱ ያልተጠሩ እንግዶች ሆኑ! ሰው እየዘፈነ ከኋላው ማሽኑ ሌላ አገር ያወራል። ያውም ሳያርፍ። ይህ የጣት ስንፍና ነው፤ የመሣሪያው ኃጢአት ግን አይደለም። ለአንድ ሌሊት ክፍያ አምስት ሰው ከመቅጠር አንድ ሰው ይበቃል ያለው ባለቤትም፣ ልዩነቱን ሰምቶ ዝም ያለው አድማጭም የድርሻቸውን ይውሰዱ። እኔም ከአድማጮቹ አንዱ ነበርኩ።

ለሁለተኛው ወገን የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ለመሆኑ የሙላቱን ንግሥና ያወጅነው መቼ ነው? የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» አራተኛው ቅጽ በ1998 ፈረንሳይ አገር ሲታተም፣ በ2005 ደግሞ ዜማዎቹ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰሙ አይደለምን? የኃይሉስ? ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የ1985ቱን ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር! በ2013 እንደገና አሳተመው፤ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ በመኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ የነበረው ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ለሺምኮቪትዝም ለፋልሴቶም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ውለታ አልክድም። ግን 28 ዓመት ሙሉ ያ ካሴት እኛው እጅ ላይ ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት ይኼው ነው። እነሱ ካሴቱን ሲያነሱ እኛ ዳኝነቱንም አብረን አስረከብን፤ ፈረንጅ ያነሳውን ማንሳት፣ ያላነሳውን መርሳት ሥራችን ሆነ።

እናቴ ቤት አንድ ካርቶን ካሴት አለ። አንድ ቀን ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ አለ፤ አንዳንዱ ላይ የባንዱ ስም አለ። ኪቦርዱን ማን እንደተጫወተ የሚናገሩት ከጥቂቶቹ በቀር አላገኘሁም። በስም ያልተመዘገበን ሰው ከማን ጋር እናወዳድረዋለን? ወቀሳም ሆነ ምስጋና ባለቤት ይፈልጋል። ጎበዙም ሰነፉም «ኪቦርድ ነዋ!» ተብለው ሲታለፉ የሚጠቀመው ሰነፉ ነው። እነዚያን ቅጂዎች የሠሩት ሰዎች ደግሞ እያረጁ፣ እያለፉ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ደባርቅም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም ያላችሁ፣ ካርቶናችሁን አውርዱ። በየካሴቱ ላይ የተጫወተውን ሰው የምታውቁ፣ ወይም የሚያውቅ የቀድሞ ሙዚቀኛ በሰፈራችሁ ያለ እንደሆነ፣ ጠይቃችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበት። አዲስ አልበም የምታወጡም ዘፋኞች፣ ከፎቶግራፋችሁ ሥር አንድ መስመር ለተጫዋቹ ስም ልቀቁ።

ጋሼ ተረቱልኝ እንዳልል እውነት አይሆንም። «ሳጥኑ ንጹሕ ነው አልልህም» አሉኝ ስንለያይ። «ትራምፔቴን አልመለሰልኝም።» ደጃፉ ድረስ ሸኝተውኝ ሲያበቁ ግን ጠሩኝ።

«አንተ! ያ ሳንባ ያለው ልጅ ስሙ ማን ነበር ያልከኝ?»

ነገርኳቸው። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ከመድኃኒት ማዘዣቸው ጀርባ ላይ ጻፉት።